አንቱ የተባለ ልጅ

የአዲስ አበባን የመብራት ምሰሶዎች ያነበበ እንግዳ በዚህ ከተማ ቤት ፈላጊና አስጠኚ ብቻ የሚኖር ይመስለዋል። «ከ1ኛ እስከ 12ኛ ክፍል ቤት ለቤት እናስጠናለን» ይላል ወረቀቱ፤ ግርጌው ላይ የስልክ ቁጥሮች ተሸንሽነው ይንጠለጠላሉ። ከእነዚያ ቁጥሮች አንዱ የእኔ ነበር። አራት ኪሎ ሁለተኛ ዓመት ሳለሁ የለጠፍኩት ትውልድ ልቅረጽ ብዬ አይደለም፤ የካፌው ሽሮ መሮኝ ነው።

የተደወለልኝ ከፈረንሳይ ለጋሲዮን ነው። ትልቅ ለመምሰል የዶርም ጓደኛዬን ኮት ተዋስኩ፤ እጅጌው ጣቶቼን ይውጣል። የግቢው ውሻ ኮቱ የእኔ አለመሆኑ ሳይገባው አልቀረም፣ ከአጥሩ ጋር አጣበቀኝ። የልጁ እናት ወጥተው ካስጣሉኝ በኋላ በትከሻዬ ላይ አሻግረው መንገዱን አዩና፣ «አስተማሪው ወደኋላ ቀሩ እንዴ?» አሉኝ።

እኔ ነኝ አልኩ። «ውይ! ይግቡ ቲቸር!» አንቱታው ከኮቱም ይልቅ ሰፋኝ።

ለካ ቲቸር ሲሆኑ ሥራው ሒሳብ ብቻ አይደለም። የአያትየውን የመድኃኒት ወረቀት አነባለሁ፣ ዲሽ አስተካክላለሁ። ባልና ሚስት «የስምንተኛ ክፍል ሚኒስትሪ እየደረሰ ልጁ ኳስ ይጫወት ወይስ ይቅርበት?» ብለው ሲሟገቱ ቆይተው ወደ እኔ ይዞራሉ፤ «ቲቸር ምን ይላሉ?» ልጁን የምበልጠው በስድስት ዓመት ነው፤ ፀጉሬን እንኳ የምቆረጠው እናቴን በስልክ አማክሬ ነው። «ይጫወት፤ ግን ከጥናት በኋላ፣ ሰዓቱን አክብሮ» ብዬ ፈረድኩ። ፍርዱ ጸና። ችግሩ፣ ሰዓት አክብር ብሎ የፈረደ ሰው ራሱ ማርፈድ አይችልም። እንዲህ ተጠምጄ ቀረሁ።

አንድ ማታ ልጁ ብዕሩን አስቀመጠና፣ «ቲቸር፣ ኔጋቲቭ በኔጋቲቭ ሲባዛ ለምንድን ነው ፖዘቲቭ የሚሆነው?» አለኝ። ካልኩለስ እየተማርኩ ነው፤ ለምን ብሎ የጠየቀኝ ግን አልነበረም። ላቤን በሰው ኮት እጅጌ እየጠረግሁ «ሕግ ነው» ልል ስል፣ አያትየው ከሶፋው ጥግ ቀደሙኝ።

«አንተ ልጅ፣ ዕድር አስር ብር ቅጣት ቢጥልብህ ምን ትላለህ?»

«ከሰርኩ።»

«እንዲህ ያለውን ቅጣት ሦስቱን ቢሰርዝልህስ?»

«ሠላሳ ብር አተረፍኩ!»

«በቃ።»

የት እንደተማሩ ጠየቅኳቸው። «በዘመቻው» አሉ። የ1967ቱ የእድገት በኅብረት መስሎኝ ነበር። «እሱማ ወደ ገጠር ነው» ብለው አረሙኝ። የእሳቸው በ1971 ዓ.ም. የተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ነው። ቀን ጌሾ ሲሸጡ ውለው፣ ማታ ቀበሌ አዳራሽ ፊደል ይቆጥራሉ። ያስተማራቸው ተማሪ ጢም ያላወጣ፣ ጠመኔ ሲይዝ እጁ የሚንቀጠቀጥ ልጅ ነበር።

«ታዲያ እንዴት አስተማረዎት?»

«ጋሼ አልነዋ! በእናቱ ዕድሜ ያለን ሴቶች ጋሼ ስንለው ጊዜ ምን ያድርግ፤ መንቀጥቀጡን ተወ።»

ነገሩ ከዘመቻውም በፊት የነበረ ነው። የኔታ ሁሉንም ልጅ ስለማይደርሱ፣ ፊደል የለየው ላልለየው ያስቆጥራል። አዋቂ እስኪሆን የሚጠብቀው የለም፤ ሲያስቆጥር ያውቃል። እኔንም ቲቸር ያደረገኝ ዩኒቨርሲቲው ሳይሆን፣ ያ ቤት ሳልደርስበት የጫነብኝ አንቱታ ነው።

ከዚያ ወዲያ የጥናት ጠረጴዛችንን ወደ ሶፋው አስጠጋን። እኔም ልጁ ሲሳሳት ከማረሜ በፊት «እንዴት አስበኸው ነው?» ማለት ጀመርኩ። አመሉ ግቢም ተከተለኝ። አዳራሽ ሙሉ ተማሪ አቀርቅሮ ከሰሌዳው ሲገለብጥ እጄን አውጥቼ፣ «ለምን?» አልኩ። መምህሩ ጥቂት አሰቡና ሰሌዳውን አጥፍተው ከሥሩ ጀመሩ። ሰዓቱ አልፎ ካፌው ተዘጋ። ጓደኞቼ ጦማቸውን በመዋላቸው እስኪመሽ አኮረፉኝ።

ሲመሽ ደብተራቸውን ይዘው አልጋዬን ከበቡ። «እስቲ ያችን ነገር ድገምልን፣ ቲቸር።»

በሰዓት ስንት እንደማስከፍል ነገርኳቸው።