ኮሪደሩ ይኼ ነው፤ ቤቱስ?

ለንደን ውስጥ የቤት ኪራይ ያንገሸገሸው ሰው ወይ ከተማውን ለቅቆ ይወጣል፣ ወይ ጀልባ ማየት ይጀምራል። እኔ ጀልባ አየሁ። «ባሕር የሌላት አገር ልጅ ስለ ጀልባ ምን ያውቃል?» ለሚሉኝ፣ የካናል ጀልባም ባሕር አያውቅም እላለሁ። ውኃው በአብዛኛው ቦታ ቢቆሙበት ከደረት አያልፍም።

ምርጫው የሚጀምረው ከስፋት ነው። ናሮውቦት የሚባለው ጀልባ ወርዱ 2 ሜትር ከ8 ሴንቲ ግድም ነው። ይኼን የወሰነው ጀልባ ሠሪው ሳይሆን በ18ኛው ክፍለ ዘመን ጄምስ ብሪንድሊ የተባለው መሐንዲስ ነው። ሎክ ማለት ጀልባን ከዝቅተኛ ውኃ ወደ ከፍተኛው፣ ከከፍተኛው ወደ ዝቅተኛው የሚያሸጋግር ባለመዝጊያ ጉድጓድ ነው፤ ብሪንድሊ የመካከለኛው እንግሊዝን ሎኮች ወደ ሰባት ጫማ ስፋት አድርጎ ሠራቸው። በእሱ ቁጠባ ምክንያት እኔ ዛሬም ጉልበቴን አጥፌ እተኛለሁ። አንድ ሻጭ «የለንደን ሎኮች ሰፊ ናቸው፤ ባለ ሁለት እጥፉን ጀልባ ውሰድ» ብሎኝ ነበር። እውነቱን ነው። ግን ሰፊው ጀልባ ብዙዎቹ የመካከለኛው እንግሊዝ ካናሎች ውስጥ አይገባም። ከለንደን ንቅንቅ እንደማልል አውቃለሁ፤ ቢሆንም መንገዱ ሲዘጋብኝ አልወድም። የጀልባ ፈቃድ ክፍያ ከቁመት ጋር ስለሚጨምር ደግሞ አጠር ያለችውን፣ 12 ሜትሯን መረጥኩ።

ከዚያ ብረቱ አለ። መርማሪው ጀልባዋን ከውኃ አስወጥቶ በመዶሻ እያንኳኳ ያዳምጣል፣ በመሣሪያም ውፍረቱን ይለካል። ከ4 ሚሊ ሜትር በታች ከሆነ መድን ሰጪዎች ፊታቸውን ያጠቁራሉ። በእኔና በውኃው መካከል ያለው በሚሊ ሜትር የሚቆጠር መሆኑን ለአክስቴ አልነገርኳቸውም።

የጀልባ ሰዎች ግን ስለ ብረት ብዙ አያወሩም። የሚያወሩት ስለ ሽንት ቤት ነው። ትልቅ ጋን አስቀምጠው ሲሞላ በፓምፕ የሚያስመጥጡ አሉ፤ ትንሿን ሣጥን በእጃቸው ተሸክመው የሚደፉ አሉ፤ ሁለቱ ወገኖች ሲከራከሩ የሰማ ሰው የእኛን የፖለቲካ ክርክር ይናፍቃል። እኔ ከተሸካሚዎቹ ወገን ነኝ። ሣጥኗን ይዤ ስሄድ የሚያውቀኝ ሰው ካገኘሁ ሻንጣ እንደያዘ መንገደኛ ቀና ብዬ አልፋለሁ።

አክስቴ እትዬ የመጀመሪያ ቀን ጎንበስ ብለው ገቡ፤ ከዳር እስከ ዳር ተመለከቱና «ኮሪደሩስ ይኼ ነው፤ ቤቱስ የት ነው ልጄ?» አሉ። «ይኸው ነው እትዬ።» ዝም ብለው ቆዩና «እሺ፣ እንግዳ ሲመጣ አንተ የት ትሄዳለህ?» ጀልባ ልገዛ ስዞር ከዚህ የተሻለ ጥያቄ የጠየቀኝ ባለሙያ አልገጠመኝም።

እንግዳ መጣ። የማርያም ማኅበር ተራ ደረሰኝ። እ.ኤ.አ. በ1995 የወጣው የእንግሊዝ የካናል ሕግ ቋሚ ማቆሚያ የሌለው ጀልባ በአንድ ቦታ ከ14 ቀን በላይ እንዳይቆይ ያዛል፤ ማኅበሩ ደግሞ በወር አንዴ ነው። ባለፈው ወር የነገርኳቸው ቦታ አሁን የለሁም። አዲሱን ቦታ በስልክ ልኬ ነበር፤ ግን የእትዬ ስልክ ቦርሳ ውስጥ የሚኖር ስልክ ነው። ወደ ድሮው ቦታ ሄደው የአንድ የማላውቃቸው እንግሊዛዊ ሽማግሌ ጀልባ አንኳኩተው ድፎ ዳቦውን አስረክበዋል። ሰውየው አመስግነው ተቀበሉ፤ ማን እምቢ ይላል?

የማኅበሩ ሙሴ ውኃው ዳር ሲደርሱ ቆመው አማተቡ። ሁሉም ገብቶ በአንድ ወገን ሲቀመጥ ጀልባዋ ዘመም አለች፤ ግማሹን ወደ ማዶ አሻገርኩ። ለጸሎት ሲነሡ ምሥራቁ ጠፋ። የእመቤታችንን ሥዕል በምሥራቅ ግድግዳ የሰቀልኩት ሌላ ቦታ ቆሜ ሳለሁ ነበር፤ ጀልባዋ ዞራ ስትቆም ሥዕሏም አብራ ዞራለች። ነቅለን በሌላው ወገን ሰቀልን።

ቡናው ከዚህ ሁሉ ይብሳል። ከሰሉ ገና ሲቀጣጠል የካርቦን ሞኖክሳይድ ደወሉ ጮኸ። ያለ እሱ የደኅንነት ወረቀት ስለማይሰጥ አላጠፋውም፤ መጮሁም ደግሞ ትክክል ነው፤ በጠባብ ቤት የከሰል ጭስ ስንቱን እንደጨረሰ እናውቃለን። ረከቦቱም ጀበናውም እጣኑም ወደ ዳር ወጣ። የሚሮጡት ቆሙ፣ ብስክሌት ነጂዎቹ ወረዱ፤ እትዬ ለሁሉም ቀዱ።

በነጋታው 14 ቀኔ ስለሚሞላ ጀልባዋ የዚያኑ ዕለት መንቀሳቀስ ነበረባት፤ ፊት ለፊታችን ደግሞ የካምደን ሦስት ሎኮች ተደርድረዋል። ብቻዬን ብሆን መሪ ይዤ፣ ዘልዬ ወርጄ፣ ገመድ ጎትቼ፣ ከባዱን መዝጊያ በጀርባዬ ገፍቼ ቀኑ ይመሻል። ማኅበርተኛው ነጠላውን አደግድጎ ተሰለፈ። ደቦ ነው እንግዲህ፤ ሙሴም ሳይቀሩ ገፉ። እትዬ ከዳር ቆመው «ግፋ! በርታ!» ይላሉ።

ከካምደን በላይ ውኃው በምዕራብ ለንደን እስካለው ካውሊ ድረስ ያለ አንድ ሎክ ይዘልቃል። ከዚያ ወዲህ ተራዬ ሲቃረብ ጀልባዋን ከሎኮቹ በታች ማቆም አመል ሆኖብኛል። ሙሴ ነቅተውብኛል፤ በሚቀጥለው ቀድሜ ሽቅብ ወጥቼ እንድጠብቃቸው በጨዋ ደንብ አስጠንቅቀውኛል። እትዬ ግን ጓንት ገዝተዋል።