ሁልጊዜ ከግሽ ዓባይ

ከጡረታ በኋላ የቀረችኝ አንዲት ደስታ ብትኖር አራት ኪሎ ከእኩዮቼ ጋር ተቀምጦ በማኪያቶ መጨቃጨቅ ናት። ፒያሳ ሲፈርስ የለመድናት ቡና ቤት አብራ ፈረሰችና ወደዚህ ተሰደድን፤ ጭቅጭቁ ግን ምንም ሳይጎድልበት አብሮን መጣ። ዋናው ርእሳችን ዓባይ ነው። ስንት ዘመን ተከራክረን፣ ተኳርፈን፣ በሽምግልና ታርቀን የምንስማማበትንና የማንስማማበትን ለይተን አስቀምጠን ነበር። የቱ ወዳጄ በየትኛው ውል ስም እንደሚናደድ ስለማውቅ ግፊቱ ከፍ ባለበት ቀን ያንን ውል አላነሳበትም። ይህ ሁሉ የተለፋበት ነገር አንድ አዲስ ገቢ ወንበር ስቦ የተቀመጠ ዕለት ገደል ይገባል። እንደገና ከግሽ ዓባይ እንጀምራለን።

አዲስ ገቢ ሁሉ ክርክሩ የተጀመረው እሱ የመጣ ቀን ይመስለዋል። መጀመሪያ የግንዱን ተረት ይተርትና እንደ አዲስ ሰምተን እንድንስቅለት ይጠብቃል። ቀጥሎ ስልኩን ያወጣል። አንዱ፣ የጎረቤቴ ተከራይ ነው፣ መስታወቱ የተሰነጠቀ ስልኩን አፍንጫዬ ሥር ደቅኖ «ይኸው ጋሼ! በ1959 ግብፅና ሱዳን ውሃውን ሲከፋፈሉ ጃንሆይ ምን ይሠሩ ነበር?» አለኝ። እኔም የዋህ፣ በ1959 ምን ሰምተን እንደነበር ለማስታወስ ስጨነቅ ቆየሁ። ለካ ልጁ የፈረንጁን ዓመት በእኛ ቆጥሮታል። ውሉ የተፈረመው በእኛ በ1952 ነው። ለግብፅ 55.5፣ ለሱዳን 18.5 ቢሊዮን ሜትር ኩብ፣ 10 ቢሊዮን ደግሞ ለትነት፤ ድምሩ 84። ለፀሐይ እንኳ ድርሻ ሲቆረጥላት ለኢትዮጵያ ጠብታ አልተጻፈላትም። መንግሥትም ቢሆን አልተኛም፤ ውሉ ሳይፈረም ገና በውሃው ላይ ያለኝ መብት የተጠበቀ ነው ብሎ በጽሑፍ አሳውቆ ነበር። ይህን ስነግረው «አይ ጋሼ፣ እዚህ ላይ የለም» አለኝ። እዚህ ማለት ስልኩ ነው።

ይህም ምንም አልነበረም። የልጁ ትልቁ ጀብዱ የ1902ን ውል የቀደደ ዕለት የሠራው ነው። ዓፄ ምኒልክና እንግሊዞች በፈረንጆች ግንቦት 1902 እዚሁ አዲስ አበባ የተፈራረሙት ውል ነው። ሦስተኛው አንቀጽ ንጉሠ ነገሥቱ ከእንግሊዝና ከሱዳን መንግሥታት ጋር ሳይስማሙ በዓባይ፣ በጣናና በሶባት ላይ ውሃውን የሚያስቆም ሥራ እንዳይሠሩ፣ እንዳያሠሩም ቃል ያስገባቸዋል። ልጁ ይህን ሲሰማ ከጠረጴዛው ላይ አንድ ሶፍት መዘዘና «የቅኝ ገዢ ወረቀት እንዲህ ነው የሚደረገው!» ብሎ ለሁለት ቀደደው። ከጎን ያሉ ወጣቶች አጨበጨቡ። ዕድሜውን ካርታ ሲያነሳ የኖረው ጡረተኛ ቀያሽ ወዳጃችን ግን ማኪያቶውን አስቀምጦ «ልጄ፣ ጉባን የት አደረስካት?» አለው።

«የምን ጉባ?»

«ግድቡ ያለባት ጉባ።»

ውሉ እኮ ሲጀመር የድንበር ውል ነው። አንደኛው አንቀጽ ከሱዳን ጋር ያለንን ወሰን ያሰምራል፤ ቤኒሻንጉልም በእኛ በኩል የቀረችው በዚያ መስመር ነው። ሱዳኖች ይህን አልዘነጉም። በ2021 የውጭ ጉዳይ ሚኒስቴራቸው ኢትዮጵያ ያንን ውል አልቀበልም ካለች የቤኒሻንጉል ባለቤትነቷም አብሮ ይናጋል የሚል መግለጫ አውጥቷል። መልስ የለንም ማለቴ አይደለም። ቤኒሻንጉል ውሉ ከመፈረሙ በፊት ለምኒልክ ገብራለች። የወሰን ስምምነትና የውሃ ግዴታ በሕግ ፊት አንድ ዕጣ የላቸውም። ፈራሚዋም እንግሊዝ እንጂ ግብፅ አይደለችም። ይህ ሁሉ ያከራክራል፣ ደግሞም ያስኬዳል፤ ሶፍት በመቅደድ ግን አይሆንም። አጨብጫቢዎቹ ጸጥ አሉ። ልጁም የተቀደደውን ሶፍት አንስቶ አፉን ጠረገበት፤ ቢያንስ አልባከነም።

ሌላው ደግሞ አሜሪካ ከጥንት ጀምሮ ግድባችንን ስታደናቅፍ ኖራለች ብሎ ይምላል። ዶናልድ ትራምፕ በ2020 ግብፅ ግድቡን ታፈነዳዋለች ማለታቸው እውነት ነው፤ ዓለም ሰምቷቸዋል። ግን እኮ ከ1958 እስከ 1964 የዓባይን ተፋሰስ አጥንተው ካራዶቢ፣ ማቢል፣ መንዳያና ከሱዳን ድንበር አጠገብ ብለው አራት የግድብ ቦታ ያሳዩንም አሜሪካኖች ናቸው። «ታዲያ ወዳጅ ናቸው ወይስ ጠላት?» ይለኛል። ማትሪክ የተቀመጠ መስሎታል፤ ወይ ሀ ወይ ለ።

ከነዚህ ሁሉ የባሰብኝ ግን ገለልተኛው ነው። የእህቴ ልጅ ከሜሪላንድ ለገና መጥቶ ይዤው ሄድኩና እጁን አጣምሮ «አጎቴ፣ ሁለቱም ወገን እውነት አለው» አይለኝም መሰላችሁ! የግብፅ እውነት ምንድነው ስለው አያውቀውም። የእኛን ስለው እሱንም አያውቀውም። የማያውቁትን ነገር መሐል ላይ ቆሞ ማክበር ምን ይባላል? እኔ ጠላቴን ደስ አይበለውና የግብፅን ክርክር ከእነሱ አሳምሬ መናገር እችላለሁ። ዛሬ የሚያብከነክናቸው ሙሌቱ አይደለም፤ እሱማ ከ2020 ጀምሮ ክረምት በመጣ ቁጥር እየተሞላ አልቋል። ድርቅ ዓመት በዓመት ቢደራረብ ስንት ትለቃላችሁ፣ ይህንንም በፊርማ አስሩልን ነው የሚሉት። እኛ ደግሞ ተርባይን ውሃውን አሽከርክሮ ይለቀዋል እንጂ አይጠጣውም፣ ዛሬ በቁጥር ከፈረምን ነገ ከላይ ለምንሠራው ሁሉ እጃችን ይታሰራል፣ ይህም 1959ን በጓሮ በር ማስገባት ነው እንላለን። ይህችን አጥርቶ ለመናገር ስንት ማኪያቶ እንደፈጀብን እኔና ኪሴ እናውቃለን።

ደግነቱ ሞኝነት የእኛ ጠረጴዛ ብቻ አይደለም። በ2013 የግብፅ ፖለቲከኞች በፕሬዚዳንት ሙርሲ ፊት ተሰብስበው ግድቡን እንዴት እንደሚያጨናግፉ ሲመክሩ፣ ምክሩ በቴሌቪዥን በቀጥታ እየተላለፈ መሆኑን የማያውቁ ነበሩባቸው። ነገር ሲከፋኝ ይህንን እያስታወስኩ እጽናናለሁ።

ከአዲስ ገቢዎች ሁሉ የወደድኳቸው ከካርቱም ጦርነቱን ሸሽተው የመጡ አንድ ሱዳናዊ ናቸው። ሻይ አዝዘው ጥግ ይቀመጣሉ፤ ሳይጠየቁ አይናገሩም። ያው ባለሶፍቱ ልጅ አላስቀምጥ ብሏቸው «ሱዳን ከማን ጋር ናት? ከእኛ ወይስ ከግብፅ?» አላቸው። በተሰባበረ አማርኛ ቀስ ብለው መለሱለት። «ሮሴሬስ ግድብ ከእናንተ ግድብ በታች ነው። ጎርፍ ቢቀንስ፣ ደለል ቢቀንስ ለእኛ ጥሩ ነው። ግን መቼ እንደምትከፍቱ፣ መቼ እንደምትዘጉ ንገሩን።» በ2020 ክረምት ውሃው ድንገት ቀንሶ ካርቱም ውስጥ የመጠጥ ውሃ ጣቢያዎች ሥራ አቁመው እንደነበር ጨመሩልን። ይኸው ነው ያሉት። ልጁ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብሎ «ጋሼ፣ እኚህ ሰውዬ ተልከው ነው» አለኝ። ግብፅ ሰላይ ልካ ሻይ በብድር ስታስጠጣው ታየኝ። የሰውዬውን ሒሳብ ከፈልኩና ልጁን ገላመጥኩት።

ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ግድቡ ሲመረቅ እኔ ከሁሉ በላይ የተደሰትኩት ለጆሮዬ ነው። አሁንስ ያርፉናል ብዬ። የት ብለው! ዓባዩን አስቀምጠው አሰብን ይዘው መጡ። ባሕር በሩን ማን ሸጠው፣ ማን ሰጠው፣ በየት በኩል እንሂድ፤ ደግሞ ስልክ፣ ደግሞ ካርታ። እኔም ደክሞኝ፣ ልጆች፣ ይህ ነገር በ1993ቱ ሕዝበ ውሳኔ አልተጀመረም፣ ከጣሊያን ጋር የተዋዋልናቸው የ1900፣ የ1902ና የ1908 ስምምነቶች አሉ፣ በ2000 አልጀርስ ላይ ስንፈርም ድንበሩ በእነሱ እንዲዳኝ ተቀብለናል፣ መጀመሪያ እሱን አንብቡ አልኳቸው።

ባለሶፍቱ ልጅ ስልኩን ግልብጥ አድርጎ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠና «ጋሼ፣ 1900 ያሉት በእኛ ነው በፈረንጅ?» አለኝ።

አስተናጋጇን ጠርቼ ለእሱም ለእኔም ማኪያቶ አዘዝኩ፤ በእሱ ሒሳብ።