ውዳሴ ሰማይ ጠቀስ

በዚህ ዘመን ለደከሙበት ሥራ ምስጋና የተነፈጉ ሰዎች ብዙዎች ናቸው፤ ነገር ግን ሰማይ ጠቀስ ፎቅ የሚያቆሙትን ባለሀብቶች ያህል ውለታቸው የተካደባቸው ያሉ አይመስለኝም። እነዚህ ትሑታን ሰዎች ምድርን ከዝቅተኝነቷ አንሥተው ወደ ደመናት ለማድረስ ሌት ተቀን ሲጥሩ፥ ደራሲው፥ ሙዚቀኛው፥ ጡረተኛውና ልጇን በጋሪ የምትገፋው እናት ሁሉ አንድ ላይ ተነሥተው «ዛፋችንን ተዉልን» እያሉ ስማቸውን ያጠፋሉ። ስለዚህ እኔ ነገሩን ከሩቅ የምመለከተው ሰው እንደ አቅሜ አንዲት ውዳሴ ላቀርብላቸው ተነሣሁ፤ ለውዳሴዬም በጃፓን ዋና ከተማ በቶኪዮ፥ በሜይጂ መቅደስ አፍኣዊ ገነት ውስጥ የተወጠነውን ሥራ መረጥሁ። በዚያ ሥፍራ ከ1926 ጀምሮ የቤዝቦል ጨዋታ የሚደረግበት የጂንጉ ስታዲየም ይገኛል፤ አሁን ግን እርሱ ፈርሶ በሌላ ሊተካ፥ በአካባቢውም አንዱ 190፥ ሁለተኛው 185 ሜትር ያህል የሚረዝሙ ሁለት ፎቆች ሊቆሙ ተወስኗል። (ዓመታቱን በአውሮፓውያን አቆጣጠር የምጽፈው፥ ባለሀብት የሚቆጥረው በእርሱ ስለ ሆነ ነው።)

ነገሩ ከሥሩ ሲመረመር ጥፋቱ የቀደሙት ሰዎች ነው። ንጉሠ ነገሥት ሜይጂ በ1912 ባረፉ ጊዜ የጃፓን ሕዝብ ለመታሰቢያቸው መቅደስ ይሠራ ብሎ ተነሣ፤ ለውስጡ ገነት ከየአውራጃው 100,000 ያህል ዛፍ በስጦታ እየተላከ ተተከለ፤ ለአፍኣዊው ገነት ደግሞ ባለጸጋውም ድኻውም እንደ አቅሙ ገንዘብ አዋጣ፥ የየአገሩ የወጣቶች ማኅበርም መጥቶ መሬቱን ቆፈረ፥ ደለደለ። እነዚያ የዋሃን «ለልጅ ልጅ ይተላለፍ» ብለው ሰጡ እንጂ፥ ከሣሩ በላይ ያለው አየር የማን እንደሚሆን በውል ላይ ማስፈር አልታያቸውም። ይህም አልበቃ ብሎ፥ የአካባቢው ውበት እንዲጠበቅ ሲባል ሕንጻ ከ15 ሜትር በላይ እንዳይወጣ የሚከለክል ደንብ ጸና፤ በዚህም የተነሣ ስንት ትውልድ በዚያ ሲያልፍ ቀና እያለ ሰማይ በነጻ ሲያይ ኖረ፥ ለዚህም ሰባራ ሳንቲም አልከፈለም።

ከአዎያማ ጎዳና ተነሥቶ ወደ ንጉሠ ነገሥቱ የሥዕል ቤት የሚወስደውን መንገድ የተመለከተ ሰው የዚያን ዘመን ድካም በዓይኑ ያየዋል። በ1923 የተተከሉት 146 የጊንኮ ዛፎች በአራት ረድፍ ቆመዋል፤ በመጸው ማብቂያ ብርዱ ሲበረታ ቅጠላቸው የወርቅ መልክ ይይዝና መንገዱን ያለብሰዋል፥ ያን ጊዜም የከተማው ሰው ሁሉ ሊያይ ይጎርፋል። አትክልተኞቹ ረጃጅሞቹን በጎዳናው በኩል፥ አጠር የሚሉትን ወደ ሥዕል ቤቱ አቅጣጫ ስለ ደረደሯቸው፥ በመግቢያው ላይ የሚቆም ሰው መንገዱ ከእውነተኛ ልኩ የረዘመ፥ በመጨረሻው ያለውም ቤት የራቀና የገነነ መስሎ ይታየዋል። ይህን ያህል ጥበብ ለዓይን ማታለያ አውጥተው፥ ከዚያ በኋላ ለሚመጣው ለ190 ሜትሩ ፎቅ ምንም ሥፍራ ሳይተዉለት መሄዳቸው ንፉግነት ካልሆነ ሌላ ምን ይባላል? እነሆ ግን ጉድለታቸው ሊሞላ ነው። አዲሱ የቤዝቦል ስታዲየም በመጀመሪያው ንድፍ ከዛፎቹ ረድፍ ስምንት ሜትር ያህል ብቻ ርቆ እንዲቆም ታስቦ ነበር፤ ሊቃውንቱ ሥሩ ይጎዳል ብለው ስለ ጮኹ ወደ 18 ሜትር ገደማ ፈቀቅ አለ። ሊቃውንት ምን ጊዜም እንዲህ ናቸው፤ ሥር ከመሬት በታች የተሰወረ ነገር ስለ ሆነ ባማረው የማስታወቂያ ሥዕል ላይ ፈጽሞ እንደማይታይ አያስተውሉም።

ስለ ስታዲየሙ ስለ ራሱ የሚነገረው ነገር ሁሉ የሽማግሌ ተረት ነው። በ1934 ቤብ ሩዝ የሚባለው ዝነኛ አሜሪካዊ ከጓደኞቹ ጋር መጥቶ ተጫውቶበታል ይላሉ፤ እውነት ነው፥ ሆኖም ቤብ ሩዝ ኪራይ አይከፍልም። የስድስቱ የቶኪዮ ዩኒቨርሲቲዎች ተማሪዎች በየወቅቱ ሲወዳደሩበት ኖረዋል ይላሉ፤ ተማሪም እንደምታውቁት ድኻ ነው። ከ1964 ጀምሮ ስዋሎውስ የሚባለው ቡድን ቤቱ አድርጎታል፤ የዚህም ቡድን ደጋፊዎች ነጥብ በተቆጠረ ቁጥር፥ ዝናብ ባይኖርም እንኳ፥ ትንንሽ ጃንጥላ ዘርግተው ከፍ ዝቅ እያደረጉ በአንድ ድምፅ ይዘምራሉ፤ ይህን ከላይ ሆኖ የተመለከተ ሰው ሜዳው ዙሪያውን አበባ የፈነዳበት ይመስለዋል። ከሁሉ የከፋው ግን የደራሲው የሐሩኪ ሙራካሚ ነገር ነው። ይህ ሰው በ1978 የጨዋታ ዘመን በተከፈተበት ዕለት በዚያ ሜዳ ዳር ሣር ላይ ጋደም ብሎ ቢራውን እየጠጣ ሳለ፥ ዴቭ ሂልተን የተባለው ተጫዋች ኳሷን ሲመታ ድንገት «እኔ ልቦለድ መጻፍ እችላለሁ» የሚል ሐሳብ እንደ መጣለት ራሱ ይናገራል። እንግዲህ ሒሳቡን አድርጉት፦ ያን ያህል ሰፊ መሬት፥ ያን ያህል ክፍት ሰማይ፥ በከተማው እምብርት፥ ግማሽ ምእት ዓመት ሙሉ ዘርግቶ ኖሮ በመጨረሻ ያተረፈው አንድ ደራሲ! ያም ደራሲ ደግሞ ኋላ ውለታውን ዘንግቶ፥ ፕላኑን በግልጥ ከሚቃወሙት ሰዎች ጋር ተደመረ።

የዚህን ሥራ ጥበብ ከሁሉ አብልጦ የሚገልጠው ግን መሬቱ የተገኘበት መንገድ ነው፤ በዚህ ላይ ጥቂት እንድዘገይ ይፈቀድልኝ። በቶኪዮ አንድ ደንብ አለ፤ ይኸውም በከተማው ፕላን ለመናፈሻ ከተከለለው መሬት ውስጥ ሃምሳ ዓመት ያህል ለሕዝብ እንደ መናፈሻ ሳይከፈት የቆየ ክፍል ቢገኝ፥ በተወሰነ ግዴታ ከመናፈሻነት ወጥቶ ሊገነባበት ይችላል የሚል ነው። ታዲያ በስታዲየሙ አጠገብ ከ1947 ጀምሮ ራግቢ የሚጫወቱበት የልዑል ቺቺቡ ሜዳ አለ፤ ዙሪያው የታጠረ፥ ሰው በቲኬት የሚገባበት ነው። የደንቡ ዓይን ይህን ባየ ጊዜ፥ ሜዳው ሰባ ዓመት ሙሉ ሰው ሲሮጥበት፥ ሲወድቅበት፥ ሲጮኽበት ኖሮ ሳለ፥ እንደ መናፈሻ «ያልተከፈተ» ሆኖ ተገኘ። በዚህም ብልሃት 3.4 ሄክታር ያህል መሬት ከመናፈሻነት ተሰናበተ። ጥንት ፈላስፎች ባዶነት ምንድን ነው ብለው ሲከራከሩ ዘመናቸውን ፈጁ፤ የቶኪዮ የፕላን ጸሐፊዎች ግን በአንድ ፊርማ ፈቱት፦ ባዶ ማለት ሰው የሚጫወትበት ነው።

ሁለተኛው ምሥጢር ከፊተኛው ይረቃል። በሕጉ መሠረት ለእያንዳንዱ መሬት በላዩ ሊሠራበት የሚፈቀድ የወለል ስፋት ተወስኖለታል፤ የሣር ሜዳና የኳስ መጫወቻ ግን ዝቅ ብሎ የሚኖር ስለ ሆነ ድርሻውን ጨርሶ አይበላም። የተረፈው ድርሻ ወደ ጎን እንዲተላለፍ ሲፈቀድ፥ ሣሩ ያልበላውን ሰማይ ጎረቤቱ ፎቅ ይበላለታል። ከዚህ በፊት ትሕትና በሰማይ ዋጋ እንዳላት በስብከት እንሰማ ነበር፤ የዋጋዋን ልክ በካሬ ሜትር አስልቶ፥ ዋጋዋንም ለትዕቢተኛው የሚከፍል ሥርዓት ግን በዚህ አየን።

«15 ሜትር የሚለው ደንብስ ወዴት ሄደ?» ብሎ የሚጠይቅ አንባቢ ይኖር ይሆናል። ደንቡ በኦሎምፒክ ስም በክብር ተቀበረ። በ2013 ዛሃ ሐዲድ የነደፉት ግዙፍ ብሔራዊ ስታዲየም በዚያው ገነት ውስጥ እንዲሠራ በታሰበ ጊዜ፥ የከፍታው ገደብ ወደ 75 ሜትር ከፍ እንዲል ተደረገ፤ ከሁለት ዓመት በኋላ ወጪው በዝቷል ተብሎ ንድፉ ተሰረዘ፥ በምትኩም ከ50 ሜትር የማይደርስ ሌላ ስታዲየም ተሠራ። እንግዳው ቀረ፥ ለእንግዳው ተብሎ የተሰበረው በር ግን እንደ ተከፈተ ቀረ፤ በተከፈተውም በር ከእንግዳው እጥፍ የሚረዝሙት ገቡ። ለዚህ አዲስ ስታዲየም ሲባል የፈረሰው አሮጌው፥ እኛ ኢትዮጵያውያን የምናውቀው ነው። ይህችን አንዲት ዕለት እንኳ በራሳችን አቆጣጠር ልጻፋት፦ ጥቅምት 11 ቀን 1957 ዓ.ም. ሻምበል አበበ ቢቂላ፥ የትርፍ አንጀት ቀዶ ሕክምና ካደረገ ገና ሁለት ወር ሳይሞላው፥ ማራቶኑን በ2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ከ11 ሰኮንድ ጨርሶ በዚያ ሜዳ ገባ፤ ሰው ሁሉ አሁን ይወድቃል ሲል እርሱ ግን ሣሩ ላይ ሆኖ ሰውነቱን ያፍታታ ጀመር። ልክ በዚያው ዕለት ከ21 ዓመት አስቀድሞ፥ በአውሮፓውያኑ 1943፥ በዚያው ሥፍራ በነበረው ሜዳ የጃፓን ተማሪዎች በዝናብ ውስጥ ተሰልፈው ወደ ጦርነት ተሸኝተው ነበር። ኀዘንና ደስታ በአንድ መሬት ላይ እንዲህ መነባበሩ ለታሪክ ጸሐፊ ግሩም ነገር ነው፤ ለባለሀብቱ ግን ምን ያደርግለታል?

ከዚህ ቀጥሎ የሚመጣው ቅያሬ ይባላል። ራግቢው ወደ ቤዝቦሉ ሥፍራ፥ ቤዝቦሉ ወደ ራግቢው ሥፍራ ይዛወራሉ፤ ይህም ጨዋታ አንድ ቀን እንዳይቋረጥ ለደጋፊው በማሰብ ነው ተብሏል። ለደጋፊው የታሰበለት ይህ ብቻ አይደለም፤ ከአዲሱ የቤዝቦል ስታዲየም ጋር የተያያዘ ሆቴል ይሠራል፤ ስለዚህ ወደፊት ገንዘብ ያለው ሰው በአልጋው ላይ ሆኖ ጨዋታውን ማየት ይችላል። ሙራካሚም ቢሆን ይህን ቢያገኝ ኖሮ በሣር ላይ ባልተጋደመ፥ እኛም ከልቦለዱ በዳንን ነበር።

ስለ ዛፎቹ የቀረበው መልስ በሒሳብ ያማረ ነው። ቀደም ሲል 743 ዛፍ ይቆረጣል ተባለ፤ ጩኸት ሲበዛ ቁጥሩ ወደ 619 ወረደ፤ አዲስ ችግኝ ስለሚተከል ግን በጠቅላላው አረንጓዴው ክፍል ከ25 ወደ 30 በመቶ ገደማ ያድጋል ተብሎ ተሰበከ። ግመል ሰርቆ አጎንብሶ የሚሄድ ሰው በአገራችን ይሳቅበታል፤ 190 ሜትር ፎቅ ከችግኝ ጀርባ አጎንብሶ ሲሄድ ግን «አረንጓዴ ልማት» ይባላል። ሙዚቀኛው ርዩይቺ ሳካሞቶ በመጋቢት 2023፥ በጽኑ ደዌ ተይዞ ሳለ፥ ለቶኪዮ ገዥ ለዩሪኮ ኮይኬ ደብዳቤ ጽፎ፥ የቀደሙት ሰዎች መቶ ዓመት ጠብቀው ያሳደጉትን ዛፍ ለጊዜያዊ ጥቅም እንዳይሠዉት ለመነ፤ በዚያው ወር አረፈ። ፕላኑ አስቀድሞ በየካቲት ጸድቆ ስለ ነበር ልመናው ዘግይቶ ነው የደረሰው፤ የሚሞት ሰው የቢሮ ሰዓት እንዲያከብር ማን ሊያስተምረው ይችላል? የቅርስ ጥበቃ ሊቃውንት ማኅበር የሆነው ኢኮሞስም በመስከረም የማስጠንቀቂያ ቃል አውጥቶ ሥራው እንዲተው ጠየቀ። ቃሉ በአክብሮት ተነበበ መሰለኝ።

ከባለሀብቶቹ መካከል አንደኛው መቅደሱ ራሱ መሆኑን ሳልናገር ባልፍ ውዳሴዬ ጎደሎ ይሆናል። ሚትሱይ ፉዶሳንና ኢቶቹ የሚባሉት ኩባንያዎች ትርፍ ቢፈልጉ ሥራቸው ነው፤ መቅደሱ ግን የውስጡን ቅዱስ ደን የሚጠብቀው ከአፍኣዊው ገነት በሚያገኘው ገቢ ስለ ሆነ፥ ደንን ለማዳን ዛፍ መቁረጥ ግድ ሆኖበታል። በዚህ ላይ ጃፓናውያንን ብቻ መንቀፍ አይገባም፤ በአዲስ አበባ የአንዳንድ ደብሮቻችን ቅጽር በሱቅና በፎቅ ሲከበብ፥ የጽዱም ጥላ ለመኪና ማቆሚያ ሲለቅ ያየን ሰዎች፥ የእግዚአብሔር ቤት ኪራይ ሰብሳቢ ሲሆን የሚሰጠውን ምክንያት በቃላችን እናውቀዋለን።

አሁን ሽሙጡን ልተወው። የስታዲየሙ ማርጀት እውነት ነው፤ መቀመጫው ጠባብ፥ ግንቡም የተሰነጣጠቀ ሊሆን ይችላል። ነገር ግን በዚያው በጃፓን በ1924 የተሠራው የኮሺየን ስታዲየም፥ ጨዋታ በማይኖርበት ወቅት ሥራው በየክረምቱ እየተከፋፈለ፥ እስከ 2010 ባሉት ዓመታት ታድሷል፤ በቦስተን ከ1912፥ በቺካጎም ከ1914 ጀምሮ የቆሙት የፌንዌይና የሪግሊ ስታዲየሞች በየጊዜው እየተጠገኑ ዛሬም ሕዝብ ይሞላባቸዋል። ስለዚህ ማደስ አይቻልም የሚለው ቃል እውነት አይደለም፤ ማደስ የሚቻል ነው፥ የማይቻለው ከእድሳት 190 ሜትር ማትረፍ ነው። አንባቢ ሆይ፥ ወደ ቶኪዮ የሚወስድህ ጉዳይ ቢኖር በምሽት ጨዋታ ወደ ጂንጉ ገብተህ ጃንጥላዎቹ ሲዘረጉ ለማየት አትዘግይ፤ በገነቱ ውስጥ ዛፍ መቁረጥ በጥቅምት 2024 ተጀምሯል።