ጌሾው የኔ፣ ጠላው የሰው

ዓለም ከተማ ውስጥ ሰው ጠላ ሊጠምቅ ሲያስብ ከብቅሉ በፊት ትዝ የሚለው የኔ አጥር ነው። ከጀማ ሸለቆ ማሽላ ይወጣል፣ ከደጋው ገብስ ይወርዳል፤ ጌሾ ግን በመርሐቤቴ ምድር ከኔ ጓሮ ሌላ የበቀለ አይመስልም።

«እንደው ጥቂት ቅጠል፣ አባባ!» ይሉኛል፣ ጆንያ ይዘው። ሠርግ በኔ ጌሾ፣ ማኅበር በኔ ጌሾ። ሟቹን በዓይኔ ያላየሁት ሰው ተዝካር እንኳ የኔን ቅጠል ወቅጦ ነው የሚጠነስስ።

ሲተከል የት ነበሩ? በጋውን በጄሪካን ውሃ ያመላለስኩ፣ የመንደሩን ፍየል ስረግም የኖርኩ እኔ! ፍሬው ቀልቶ ሲጠቁር ወፍ ይወርበታል፤ ወፍስ ይሻላል፣ በልቶ ሲሄድ ዘሩን የትም ይጥላል። ሳያስበው ይተክላል።

የልጅ ልጄ ደግሞ «ነቅለን ባሕር ዛፍ እናድርግበት፤ ቢራ እያለ ማን ጠላ ይጠጣል?» ይለኛል። ቢራውስ ያለ መራራ ይሆናል? ሆፕስ የሚሉት የሐረግ አበባ ይገባበታል፤ ሥራው የጌሾ ሥራ ነው፣ ያመርረዋል፣ ቶሎ እንዳይበላሽም ይይዘዋል። ለሆፕሱ በየጠርሙሱ ይከፍላል፤ ለኔ «እግዜር ይስጥልኝ»።

ከ1986 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ የከተማችን እህት የሆነች ፋተርሽቴተን የምትባል ከተማ ሙኒክ አጠገብ አለች። በዚያ አገር ሆሉንደር የሚሉት ቁጥቋጦ አላቸው፤ እሱም ጥቁር ፍሬ ያፈራል። ከአበባው ሽሮፕ፣ ከፍሬው ጭማቂ ያወጣሉ። የጥንት ሰዎቻቸው በአጠገቡ ሲያልፉ ባርኔጣ ያነሡለት ነበር አሉ። ባርኔጣ! እኔ ጓሮ ሲደርሱ የሚያነሡት ማጭድ ነው።

ትናንት ጎረቤቴ መጣች፤ ልጇን ልትድር ነው። ቅጠሉ አልደረሰም ብዬ ወሽቼ ነበር፣ ቀና ብላ አየችው።

«ለጠላው አይቀሩብኝም መቼም፣ አባባ?»

«ጠላ ሐኪም ከልክሎኛል ልጄ።»

«ጠጅስ?»

ጠጅን አልጠየቅሁትም ነበር።

«እንግዲያ እንጨቱንም ይጨምሩልኝ» አለች፣ የጆንያውን አፍ እየከፈተች።

ማጭዴን አነሣሁ።