ከመሸጥ በቀር ሁሉ የተሳካለት ሞል

ሰው ክፉ ነው። ቨርጂኒያ፣ አሌክሳንድሪያ ከተማ፣ ዱክ ጎዳና ከሀይዌይ 395 ጋር በሚገናኝበት ቦታ የነበረውን ላንድማርክ ሞልን ሙት ወቃሽነት ነውር መሆኑን እንኳ ረስቶ «ከሰረ፣ ከሸፈ» እያለ ዛሬም ያማዋል። ጠበቃ ያጣ ሟች አይቼ ማለፍ ስለማልችል እኔ ልቁምለት። ላንድማርክ አልከሸፈም። ዕቃ መሸጥ የሚባለው አንድ ተራ ሥራ ብቻ እምቢ አለው እንጂ በሌላው ሁሉ ተሳክቶለታል።

በመጀመሪያ ደረጃ መኪናን እንደሱ ያከበረ የለም። እ.ኤ.አ. በ1965 ሲከፈት ሲርስን፣ ሄክትስንና ውድዋርድ ኤንድ ሎትሮፕን በአንድ ግቢ ሰብስቦ ነበር፤ ሦስት ታላላቅ መደብሮችን አንድ ላይ በማምጣት በዋሽንግተን አካባቢ ቀዳሚው ነው። ግቢው ወደ 21 ሄክታር ይጠጋል። ሱቆቹ መሃል ላይ ተጠጋግተው ሲቀመጡ ዙሪያው በአስፋልት ተነጠፈ፤ መኪና የሚባለው ፍጥረት ፀሐይ እየሞቀ፣ ጎኑን እያሳረፈ የሚውልበት። ሰው? ሰው መኪና ከሌለው ምን ሊያደርግ ይመጣል!

አካባቢው እስከ ዛሬ የአፓርትመንት ሰፈር ነው፤ የኛም ሰው በብዛት ይኖርበታል። ልጇን ልትጠይቅ፣ የልጅ ልጇን ልታጥብ ከአዲስ አበባ የመጣች እናት በረንዳ ላይ ቆማ የመደብሩን ጽሑፍ አጥርታ ታያለች። ነጠላዋን አጣፍታ ብትወርድ መንገዱ ይጠብቃታል፤ ወዲህ የሚከንፍ፣ ወዲያ የሚከንፍ፣ ከሀይዌይ ወርዶ የሚጠመዘዝ። የእግረኛ መብራት እስኪበራ ቆማ፣ መብራቱ ሊጠፋ ሲል ሮጣ ብትሻገር ገና ሞሉ ዘንድ አልደረሰችም፤ የአስፋልቱ ሜዳ ይቀራታል። ስለዚህ ተመልሳ ቡናዋን ታፈላለች፤ ልጇ ከሥራ ሲመጣ በመኪና ይወስዳታል። በዓይን የሚታይ፣ በእግር የማይደረስ ገበያ መሥራት ቀላል ጥበብ እንዳይመስላችሁ።

የዚህ ጥበብ አባት ቪክቶር ግሩን የሚባል አርክቴክት ነው፤ በ1938 ናዚዎችን ሸሽቶ ከቪየና አሜሪካ የገባ። በ1956 በሚኒሶታ ሳውዝዴልን፣ ጣሪያ የለበሰውን የመጀመሪያውን የአሜሪካ ሞል፣ ሲሠራ ያሰበው ሌላ ነበር። ዙሪያውን መኖሪያ ቤት፣ ትምህርት ቤት፣ ክሊኒክ እንዲኖረው፣ ሰው እንደ ቪየና አደባባይ እንዲንሸራሸርበት ፈልጎ ነበር። ባለገንዘቦቹ ሐሳቡን አመስግነው ተቀበሉና ሱቁን ወሰዱ፣ የቀረውን ተዉት። በ1954 የወጣው የታክስ ሕግ ደግሞ አዲስ የንግድ ሕንፃ የሠራ ሰው የእርጅና ተቀናሹን በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ቶሎ ቶሎ እንዲያወራርድ ስለፈቀደ፣ ሞል መሥራት ብቻውን ትርፍ ሆነ። ገበያተኛ መጣ አልመጣ ሁለተኛ ጥያቄ ነው። ግሩን በስተርጅናው ወደ ቪየና ተመለሰ፤ እነዚህን ልጆች የኔ አይደሉም ብሎ በአደባባይ ካደ። አባት የካደው ልጅ ስንት ጊዜ ይቆማል? ላንድማርክ ግን ግማሽ ምዕተ ዓመት ቆመ። ይህም ይታሰብለት።

ጠላቶቹ «ኢንተርኔት ነው የገደለው» ይላሉ። አሉባልታ ነው። ሰዉ ስልኩን እየነካካ ጫማ ማዘዝ ከመልመዱ በፊት ሞሉ ማቃሰት ጀምሮ ነበር። በ1989 ባቡር ጣቢያ ላይ የተቀመጠው የፔንታገን ሲቲ ሞል ተከፈተ፤ ላንድማርክ ግን ለባቡር ጣቢያ ቅርብ አልነበረም፤ መልሱም በ1990 ግድም ጣሪያ መልበስ ብቻ ሆነ። ለማስታመሙም ብዙ ባለቤት ነበረው። የመካከሉ ክፍል የአንድ ኩባንያ፣ ዳር ዳሩ ያሉት ትልልቅ መደብሮች የየራሳቸው። አንዱ «እናድሰው» ሲል ሌላው «ውሌን አየሁት፣ አልስማማም» ይላል። የመካከሉ ባለቤት ጄነራል ግሮውዝ በ2009 የኪሳራ ከለላ ጠየቀ፤ በሚቀጥለው ዓመት ድርሻው ሃዋርድ ሂዩዝ ለሚባለው ድርጅት ተላለፈ። ከዳር መደብሮቹ አንዱ የነበረው ሎርድ ኤንድ ቴይለርም በዚያው በ2009 በሩን ዘጋ። ጎረቤቱ ስፕሪንግፊልድ ሞል በ2012 ተዘግቶ፣ ታድሶ፣ በ2014 ስሙን ቀይሮ ሲከፈት፣ የኛው ገና ባለቤቶቹን ያስማማ ነበር።

ይህ ማለት ግን ከተማው እጁን አጣጥፎ ተቀመጠ ማለት አይደለም። ዕቅድ አወጣ! በ2009 የአካባቢው ዕቅድ ጸደቀ፤ በ2013 ደግሞ ሞሉን አፍርሶ በአዲስ የሚተካው ፕሮጀክት ተፈቀደ። ዕቅድ ያየ ሰው ያውቀዋል፦ ሰማዩ ሁልጊዜ ሰማያዊ ነው፣ ዛፉ ሲተከል ጀምሮ ትልቅ ነው፣ ሰዎቹ ውሻ ይጎትታሉ፣ ቡና ይዘዋል፣ ማንም ፓርኪንግ አይፈልግም። ላም አለኝ በሰማይ ማለት እንዲህ ነው፤ ልዩነቱ የኛዋ ላም በቀለም የተሣለች መሆኗ ነው። በሥዕሉ ላይ ሰው ሲንሸራሸር በእውነተኛው ግቢ አስፋልቱ ተሰነጣጥቆ ሣር አበቀለ። በጥር 2017 ማብቂያ የመካከሉ ክፍል ጨርሶ ተዘጋ። ሲርስ ብቻ በዳር በኩል በሩን ከፍቶ እስከ 2020 ቆየ፤ ለቅሶው ካለቀ በኋላ ድንኳኑ ውስጥ እንደቀረ እንግዳ።

ሞሉ በእውነት የደመቀው ታዲያ ከተዘጋ በኋላ ነው።

በ2018 የሆሊዉድ ሰዎች መጥተው «ወንደር ውማን 1984» የሚለውን ፊልም ቀረጹበት። ባዶዎቹን ሱቆች የዚያን ዘመን ማስታወቂያ ሰቅለው አስጌጧቸው፤ ገበያተኛ መስለው የሚመላለሱ ሰዎችን በክፍያ አመጡ፤ ጀግናዋ ወርቅ ቤት የዘረፉትን ስትይዝ አሳዩን። ለስንት ዓመት «እባካችሁ ግቡ» ሲባል ያልተገባበት ሞል፣ ለመግባት ገንዘብ ሲከፈል ሞልቶ ታየ። በነገራችን ላይ፣ ላንድማርክ በእውነተኛው 1984 ጣሪያ አልነበረውም፤ ክፍት ግቢ ነበር። ፊልሙ ላይ ያያችሁት የ1984 ሞል በ1984 ገና ያልተሠራ ነው። ከሕይወት ዘመኑ ሁሉ ያማረበት ቀን ያላየው ቀን ሆነ።

በዚያው ዓመት ሌላ ሥራ አገኘ። ቤት የሌላቸውን የሚያስጠልለው የካርፔንተርስ መጠለያ የራሱ ሕንፃ እስኪሠራ ድረስ ሜሲስ በነበረው መደብር ውስጥ ገባ። የአልጋ ልብስ በቅናሽ ይሸጥበት የነበረው ቤት አልጋ ራሱ ተዘርግቶበት፣ ለሁለት ዓመት ያህል ሰው አደረበት። ግሩን የተመኘውን፣ ሱቅና መኖሪያን አንድ ላይ፣ በመጨረሻ ያገኘው በዚህ መንገድ ነው። ይህን አላግጥበትም፤ ሕንፃው ከሠራቸው ሥራዎች ሁሉ የረባው ይሄ ነበር።

አሁን ደግሞ መልሶ ማልማት ነው። ማፍረሱ በግንቦት 2022 ተጀመረ። ለዓመታት ባዶ ሲቀመጥ ዝም የተባለውን ግቢ ለማስነሳት ከተማው 140 ሚሊዮን ዶላር በቦንድ ለመበደር ተስማማ፤ ከዚህ ውስጥ 54 ሚሊዮኑ የሆስፒታሉን መሬት መግዣ ነው። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ አትበሉ፤ ውሻው እኮ የጮኸው በብድር ነው። ኢኖቫ የተባለው የጤና ድርጅት በ2028 ሊከፍተው ያቀደውን ሆስፒታል እየሠራ ነው። መኖሪያ ቤት፣ ከሥሩ ሱቅ፣ የእሳት አደጋ ጣቢያ፣ መናፈሻ፣ የአውቶቡስ መናኸሪያ ይከተላሉ። ስሙም ዌስትኤንድ ሆኗል። መንገዶቹ ጠበብ ጠበብ ይላሉ፤ ሰው ከቤቱ ወርዶ በእግሩ ዳቦ መግዛት ይችላል ተብሏል።

ይህን ታላቅ ግኝት ለማግኘት ስልሳ ዓመት ፈጀ እንጂ ናሙናው ሩቅ አልነበረም። ዱክ ጎዳናን ይዛችሁ ወደ ወንዙ ብትወርዱ ኦልድ ታውን ትደርሳላችሁ፤ በ1749 የተመሠረተችው የራሷ የአሌክሳንድሪያ አሮጌ ከተማ ናት። ሱቁ ከታች፣ መኖሪያው ከላይ፣ መንገዱ ጠባብ፣ ሰዉ በእግሩ። ከተማው ግን በ1960ዎቹ፣ ላንድማርክ ሲገነባ በነበረበት ዘመን፣ በኪንግ ጎዳና ላይ ከዚሁ አሮጌ ሰፈር በርከት ያሉ ብሎኮችን አፍርሷል፤ የተነሣውን ሰፈር ቦታ ከያዙት አንዱ ከሥሩ ፓርኪንግ ያለው አደባባይ ነው። ሕያዉን ሰፈር ለመኪና ሲሉ ማፍረስ፣ ከዚያ የመኪናውን ሜዳ ሕያው ሰፈር ለማስመሰል መበደር። ሂሳቡ የሚገባው ሰው ካለ ይንገረን።

ለኛ ሰው የቀረችው ጥያቄ አንዲት ናት፦ በዚህ አዲስ ሰፈር ማን ይኖራል? ከተማው በዚህ አይታማም፤ ጥሪውን በአማርኛ ተርጉሞ ይልካል፣ በስብሰባ ላይ አስተርጓሚ ያቀርባል፣ አስተያየታችሁን ስጡ ይላል። ሰጥተናልም። በቅርብ ባሉት የሳውዘርን ታወርስ ሕንፃዎች፣ ከሁለት ሺህ በላይ አፓርትመንቶች ባሉበትና የምሥራቅ አፍሪካ ሰው በሞላበት ሰፈር፣ ሕንፃዎቹ በ2020 ለአዲስ ባለቤት ከተሸጡ ወዲህ ነዋሪው ስለ ኪራይ ጭማሪና ከቤት ስለ መውጣት ሰልፍ ወጥቷል። በ2024 መጨረሻ የጸደቀው የምዕራብ አሌክሳንድሪያ ዕቅድም ስለ መፈናቀል በሰፊው ያወራል። አዲስ አበባ ላይ ግድግዳችን በቀይ ቀለም ሲሰመርበት ነገሩ ወዲያው ይገባን ነበር። እዚህ ቀለም የለም፤ በበሩ ሥር የምትገባ የኪራይ ማደሻ ደብዳቤ ናት፤ ጨዋ ናት፣ «ውድ ነዋሪያችን» ብላ ትጀምራለች። ኪራዩን ያልቻለ የታክሲ ሾፌር ራቅ ብሎ ወዳለው ውድብሪጅ ሄዶ እየተመላለሰ ቢሠራ፣ ለአዲሱ ሰፈር የእግር መንገድ ድምፅ በመስጠቱ ይጽናናል።

ባለዕቅዶቹ ግን ሥራ ፈትተው አይቀመጡም። ሆስፒታሉ ከሴሚናሪ ጎዳና ተነሥቶ ወደ ላንድማርክ ሲዛወር የቀድሞው ግቢ ባዶ ይሆናል፤ ለመኖሪያ ቤት እንዲውልም ከወዲሁ ተፈቅዷል። ሰማያዊ ቀለም የሚሸጥ ሰው ካለ አሁኑኑ ማመልከቻ ያስገባ።