«ሁለት ፍሬ ተርፎኛል»

«ሁለት ፍሬ ተርፎኛል፤ ልስጥህ?»

አትስጠኝ። መጀመሪያ እንዴት እንደተረፈ ንገረኝ። ሐኪሙ ቆጥሮ አዘዘ፣ ፋርማሲስቷ ቆጥራ ሰጠች፤ አንተም ቆጥረህ ብትውጥ ኖሮ ዛሬ ለእኔ የምታድለው ከየት ይመጣ ነበር?

እኛ የነቀምቴ ጨለለቂ ሰፈር ሰዎች እንዲህ ነን። ቡና ተፈልቶ አንድ ሰው ካሳለ አለቀለት፤ አቦል ላይ ይመረመራል፣ ቶና ላይ ይታዘዝለታል፣ በረካ ላይ መድኃኒቱ ከመሳቢያ ይወጣል። ደግነታችንን አልጠላም። የምጠላው ከመሳቢያው የሚወጣውን ነው፤ አምና ከአንዱ ቤት የተረፈ አሞክሳሲሊን፣ ካቻምና ከሌላው ቤት የተረፈ ሲፕሮ፣ ስሙ ተፍቆ የጠፋ ግማሽ እሽግ። ነቀምቴ ውስጥ ሆስፒታል አለ፣ ዩኒቨርሲቲ አለ፣ የኅብረተሰብ ጤና ምርምርና ሪፈራል ላቦራቶሪ አለ፤ እኛ ግን ምርመራውን ከረከቦቱ ፊት ጨርሰን እንነሳለን። ስለዚህ የዛሬው መልሴ ለትራፊው ጠበቆች ነው።

«የእሱም ሳል ነበር፣ የእኔም ሳል ነው። እሱን ካዳነው እኔን ምን ይለኛል?»

የእሱ ሳል የሳንባ ምች ነበር፤ ተመርምሮ ነው ያወቀው። የአንተን ማን መረመረው? አስም ሊሆን ይችላል። ጉንፋን ሊሆን ይችላል። ሁለት ሳምንት ካለፈው ደግሞ አክታህ ለቲቢ መታየት አለበት፤ የጎረቤት ካፕሱል እየዋጥክ የምታባክነው እያንዳንዱ ቀን ቲቢውን ወደ ልጆችህ ያስጠጋዋል። ጉንፋን ከሆነም ጉንፋን የሚመጣው ከቫይረስ ነው፣ አንቲባዮቲክ የሚያጠቃው ባክቴሪያን ነው። ሁለቱ ጨርሶ አይገናኙም፤ መሐል ላይ የሚታመሰው ሆድህ ነው፣ የሚጠቅሙት ባክቴሪያዎች የሚኖሩት እዚያ ነዋ።

«አክታዬ ቢጫ ሆነኮ!»

ይሁና። ተራ ጉንፋንም ጥቂት ቀን ሲሰነብት አክታን ቢጫና አረንጓዴ ያደርጋል። ቀለም ብቻ አይቶ የሚፈርድ ሠዓሊ እንጂ ሐኪም አይደለም። ይልቅ ትንፋሽ አጥሮህ፣ ደረትህን ወግቶህ፣ ትኩሳቱ አልወርድ ብሎህ እንደሆነ ተነስና ጤና ጣቢያ ሂድ።

«ትኩሳት ነው። ለማንኛውም አንቲባዮቲክ ልጀምር።»

ለማንኛውም የሚባል በሽታ የለም! እ.ኤ.አ. በ2024 ከዓመቱ መጀመሪያ እስከ ጥቅምት ባለው ጊዜ ብቻ በአገራችን ከ7 ሚሊዮን በላይ የወባ ሕመም ተመዝግቧል፤ ኦሮሚያ ከባዱን ሸክም ተሸክሟል፣ ወለጋም ክፉኛ ተመትቷል። አሞክሳሲሊን ወባን አይገድልም። ፋልሲፓረም የሚባለው የወባ ዓይነት ደግሞ ሳይታከም ከቀረ በጥቂት ቀን ውስጥ ሰው ይገድላል። ጣትህን ተወግተህ በደቂቃዎች ውስጥ የምታውቀውን ነገር ሦስት ቀን በግምት ስትውጥ መክረም ምን የሚሉት ድፍረት ነው?

«ተመርምሬያለሁ እንጂ! ታይፎይድ ነው፣ ወረቀቱ ላይ አለ።»

ወረቀቱን አሳየኝ። ዋይዳል የሚባለው የደም ምርመራ ከሆነ ጀርሙን አላየውም፤ የለካው ሰውነትህ ጀርምን ለመከላከል ያመረተውን አንቲቦዲ ነው። አንቲቦዲ ካለፈ ሕመም ሊተርፍ ይችላል፣ ሌላ ኢንፌክሽንም ሊያስነሳው ይችላል። አንድ ጊዜ በተሠራ ዋይዳል ብቻ ታይፎይድ አለብህ ብሎ መደምደም አይቻልም፤ ይበልጥ የሚታመነው የደም ካልቸር ነው። በየዓመቱ «ታይፎይዴ ተነሳብኝ» እያለ ሲፕሮ የሚገዛ ሰው በየሰፈሩ አለ። እስቲ አንድ ጊዜ ሐኪሙን «ሌላ ምን ሊሆን ይችላል?» ብለህ ጠይቀው። መጠየቅ መብትህ ነው፣ ሐኪሙም አይቀየምም።

«እኔ ደግሞ በትክክል ታዞልኝ ነበር። በሦስተኛው ቀን ተሻለኝ፤ ተውኩት።»

ይኸውልህ፣ የመሳቢያው ትራፊ እናት ይቺ «ተሻለኝ» ናት። ፔኒሲሊንን ያገኘው አሌክሳንደር ፍሌሚንግ እ.ኤ.አ. በ1945 ስቶክሆልም ላይ ኖቤል ሲቀበል ስለ አንተ ተናግሯል። ስም አልጠራም እንጂ! አንድ ሰው ጉሮሮውን ያመዋል አለ፤ ፔኒሲሊን ራሱ ገዝቶ ይወስዳል፤ የወሰደው ጀርሙን ለመግደል አይበቃም፣ መድኃኒቱን እንዲቋቋም ለማስተማር ግን ይበቃል። ከዚያ ያንኑ ጀርም ለሚስቱ ያጋባል። ሚስትየዋ የሳንባ ምች ይይዛታል፣ ፔኒሲሊን ይሰጣታል፣ መድኃኒቱ እምቢ ይላል፣ ትሞታለች። ፍሌሚንግ ለሞቷ ተጠያቂው ማን ነው ብሎ ጠየቀ፤ መልሱንም ራሱ ሰጠ፤ ባልየው ነው አለ። መድኃኒቱ ያኔ ለሕዝብ መድረስ ገና መጀመሩ ነበር። ላንሴት የተባለው የሕክምና መጽሔት እ.ኤ.አ. በ2022 ባወጣው ጥናት መሠረት፣ በ2019 ብቻ መድኃኒት የለመዱ ባክቴሪያዎች በቀጥታ ለ1.27 ሚሊዮን ሰዎች ሞት ምክንያት ሆነዋል።

ታዲያ ስንት ቀን ነው የሚዋጠው? ይህን የሚወስነው በሽታው ነው። ተመራማሪዎች ለአንዳንድ ሕመሞች አጭር ሕክምና እንደሚበቃ አረጋግጠዋል፤ ድሮ አሥር ቀን ይታዘዝላቸው የነበሩ ዛሬ በአምስት ቀን የሚያበቁ አሉ። ስለዚህ ረጅም መዋጥ በራሱ ጀግንነት አይደለም። ለቲቢ ግን ወራት ያስፈልጋሉ። ሐኪሙ ያለህን ቀን ዋጥ፤ የሚቀነስ ከሆነ እሱ ይቀንሰው፣ የሚጨመር ከሆነ እሱ ይጨምረው። የአንተ «ተሻለኝ» ትኩሳትህን እንጂ ባክቴሪያውን አልቆጠረም።

«የልጁ ጉሮሮ ነው፤ እንጥሉን ላስቆርጠው ወይስ ትንሽ አሞክሳሲሊን ልስጠው?»

አዴ፣ ሁለቱንም ይተዉልኝ። እንጥል መቁረጥ ያደማል፣ ያመረቅዛል፣ በሽታውን ግን አይነካም። «ትንሽ» የሚሉትም አሞክሳሲሊን አያድነውም። እዚህ ላይ ቸኩዬ አላልፍም፤ ነገሩ የልጅ ልብ ነው። አብዛኛው የጉሮሮ ሕመም ከቫይረስ ነው፣ በራሱ ይድናል። አንዱ ግን ስትሬፕቶኮከስ ከሚባል ባክቴሪያ ይመጣል፤ በወጉ ካልታከመ ከሳምንታት በኋላ የራሱ የሰውነት መከላከያ ዞሮ መገጣጠሚያውንና የልቡን ቫልቮች ሊያጠቃ ይችላል። ሪውማቲክ የልብ ሕመም የሚሉት ይህ ነው። በአገራችን ሆስፒታሎች ደረጃ መውጣት አቅቷቸው የሚያለከልኩ ወጣቶች፣ በእርግዝና ላይ ልባቸው የደከመ እናቶች አሉ፤ ከእነሱ የብዙዎቹ ሕመም የጀመረው በልጅነት በጉሮሮ ነው። በሽታው ልብን አንዴ ከነካ ልጁ በየወሩ ገደማ የፔኒሲሊን መርፌ እየተወጋ ለዓመታት ይኖራል። ያን ሁሉ የሚያስቀረው አንድ የቤንዛቲን ፔኒሲሊን መርፌ ወይም አሥር ቀን ሙሉ የሚዋጥ መድኃኒት ነው። አሥር ቀን! በሁለተኛው ቀን እየሮጠ ቢጫወትም አሥር ቀን።

«ሽሮፑ ግማሽ ቀርቷል፤ ለታናሹ ይሆናል።»

አይሆንም። የልጅ መድኃኒት በኪሎው ነው የሚታዘዘው፤ ታናሹ የታላቁን ኪሎ አልያዘም። በዚያ ላይ የአሞክሳሲሊን ዱቄት ፈልቶ በቀዘቀዘ ውኃ እስከ ምልክቱ ከተበጠበጠ በኋላ ዕድሜው አጭር ነው፤ ፍሪጅ በሌለበት ቤት ከሰባት ቀን በላይ አይቆይም። በየጊዜው ጠርሙሱን ይወዝውዙት፤ የሚለኩትም አብሮት በመጣው መስፈሪያ ይሁን፣ የቤት ማንኪያ አንዱ ከሌላው አይገጥምም።

«በየስምንት ሰዓቱ አሉኝ፤ እኔም ይኸው ሳላዛንፍ በየቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ እውጣለሁ።»

ኦቦ፣ ታማኝነትዎን አደንቃለሁ፤ ግን መድኃኒቱን ወደ ሲሶ ዝቅ አድርገውታል። በየስምንት ሰዓቱ ማለት በቀን ሦስት ጊዜ ነው። በእኛ ሰዓት ይያዙት፤ ጠዋት 12 ሰዓት፣ ከሰዓት በኋላ 8 ሰዓት፣ ማታ 4 ሰዓት፣ ከዚያ ተመልሶ ጠዋት 12 ሰዓት። በየአሥራ ሁለት ሰዓቱ ካሉዎት ደግሞ ጠዋት አንድ ሰዓትና ማታ አንድ ሰዓት ይመቻል። እንዲህ የሚከፋፈለው በደም ውስጥ ያለው መድኃኒት ሲያንስ ባክቴሪያው ስለሚያገግም ነው። ሦስቱንም ፍሬ ቁርስ ላይ ደርበው ቢውጡ ቀኑን ሙሉ አይጠብቅዎትም። ከረሱም ባስታወሱበት ሰዓት ይዋጡት፤ የሚቀጥለው ሰዓት ከደረሰ ግን የተረሳውን ይተዉትና በሰዓቱ ይቀጥሉ። ሁለት ደርቦ መዋጥ ካሳ አይሆንም። እርስዎን ግን ብዙ አልወቅስም። ይልቅ ሳያስረዳ ወረቀት ያስጨበጠዎት ሰው ነው መልስ የሚገባው፤ «በየስምንት ሰዓቱ» ብሎ ጽፎ ሰዓቱን አለመቁጠር ሥራን ግማሽ ላይ መተው ነው።

«ሆዴን እንዳያቃጥለኝ በወተት ነው የምውጠው።»

የወለጋ ልጅ ወተት አትጠጣ የሚለውን እንደማይሰማ አውቃለሁ፤ ስለዚህ አትጠጣ አልልህም፤ ሰዓቱን ለይ። ሲፕሮና ቴትራሳይክሊን ከወተት፣ ከእርጎና ከአይብ ካልሲየም ጋር ተጣብቀው ከፊላቸው ከሆድ ወደ ደም ሳይገባ ይወጣል። ሲፕሮ ከሆነ ከወተቱ ሁለት ሰዓት ቀድመህ ዋጥ፤ ወተቱ ከቀደመ ደግሞ ስድስት ሰዓት ጠብቅ። አንጮቴውን በአይብ ለመብላት ያሰብክ ቀንም ይኸው ሕግ ነው። አሞክሳሲሊን ግን ከምግብ ጋር አይጣላም። ዶክሲሳይክሊንን በአንድ ብርጭቆ ሙሉ ውኃ ዋጠውና ወዲያው አትጋደም፤ ጉሮሮህ ላይ ከቀረ ያቆስልሃል። ነፍሰ ጡር ሴትና ከስምንት ዓመት በታች ያለ ልጅ ቴትራሳይክሊን አይወስዱም፤ የልጁን ጥርስ ያበላሻል።

«ሜትሮኒዳዞል ነው የታዘዘልኝ፤ አንድ መለኪያ አረቄ ምን ያደርጋል?»

ማስታወክ፣ የፊት መቅላት፣ የልብ መምታት ሊያመጣብህ ይችላል። መድኃኒቱን ጨርሰህ ሁለት ሦስት ቀን እስኪያልፍ አረቄውም ጠጁም ይቆዩ፤ የትም አይሄዱም።

«ካፕሱሉን ከፍቼ ቁስሉ ላይ ነሰነስኩት።»

ካፕሱሉ የተሠራው እንዲዋጥ ነው። ዱቄቱ ቁስሉ ላይ ይረጋል፣ ቆዳ ያስቆጣል፣ ባክቴሪያውን ያለማምዳል፤ ከሥር ያለውንም መግል ይሸፍንብሃል። ቁስልን በንጹሕ ውኃና በሳሙና እጠበው፤ ጥልቅ ከሆነ ወይም ቆሻሻ ከነካው ሳትውል ሳታድር ጤና ጣቢያ ሄደህ የቴታነስ ክትባት ጠይቅ።

«ፔኒሲሊን አንዴ ሰውነቴን አሳብጦኛል፤ ይሄ ግን አሞክሳሲሊን ነው፣ ግድ የለም።»

ግድ አለ! አሞክሳሲሊን የፔኒሲሊን ቤተሰብ ነው፤ አምፒሲሊንም ነው፣ ክሎክሳሲሊንም ነው። ያን ቀን ያበጠው ከንፈርህ ነገ ጉሮሮህ ቢሆን ትንፋሽህን ይዘጋዋል። ማዘዣ ከመጻፉ በፊት ይህን ተናገር፤ ሳትጠየቅም ተናገር። የትኛውንም መድኃኒት ወስደህ ፊትህ ካበጠ ወይም ትንፋሽህ ካጠረ ደግሞ «ነገ አያለሁ» አትበል፤ በዚያችው ሰዓት ወደ ሆስፒታል ነው።

«እኔ ያለ ማዘዣ ባልሸጥለት ጎረቤቴ ይሸጥለታል» የሚለኝ ባለ መድኃኒት ቤትም አለ። ወንድሜ፣ ጎረቤትህ ለሚሠራው ጎረቤትህ ይጠየቅ፤ አንተ ግድግዳህ ላይ የሰቀልከው ፈቃድ የራስህ ነው። አንቲባዮቲክ በማዘዣ የሚሸጥ መድኃኒት ነው፤ ይህን ከእኔ ይልቅ አንተ ተምረኸዋል። ከባንኮኒህ ማዶ የቆመው ሰው «ዶክተር» ብሎ የሚጠራህ አምኖህ ነው። እምነቱን በሦስት ፍሬ አትሽጥበት።

«ሙሉውን የምገዛበት ብር የለኝም፤ አምስት ፍሬ ብቻ ስጪኝ።»

እህቴ፣ ለአንቺ ተረብ የለኝም። የተቸገረ ሰው ላይ ምላስ አይሳልም። ሌላው ትራፊውን በመሳቢያ ሲያስቀምጥ አንቺ መጀመሪያውኑ ሙሉውን አላገኘሽም። ግን አምስቱን ፍሬ ከመግዛትሽ በፊት ማዘዣውን ይዘሽ ወደ ጻፈው ሰው ተመለሺ። ለብዙ ሕመም ያንኑ ሥራ የሚሠራ ርካሽ መድኃኒት አለ፤ የንግድ ስሙ ውድ የሆነው በዋናው ስሙ ሲጠየቅ የሚረክስበት ጊዜ አለ፤ የቲቢ መድኃኒት ደግሞ በመንግሥት ጤና ተቋም በነፃ ነው። እ.ኤ.አ. በ2011 ኦሮሚያን ጨምሮ በአራት ክልሎች በሙከራ የተጀመረው ማኅበረሰብ አቀፍ የጤና መድንም የታሰበው ለአንቺ ቤት ነው፤ መመዝገቢያው ሲከፈት ቀበሌሽን ጠይቂ። በሚቀጥለው ጊዜ ደግሞ ከሐኪሙ ፊት ሳትነሺ «ስንት ያወጣል?» በይው። በቦርሳሽ ያለው ብር ስንት እንደሆነ ማዘዣውን ከጻፈ በኋላ ሳይሆን ሳይጽፍ ይወቅ።