የምንጭ ያለህ!

ሰው ለማያውቀው ሰው በነፃ የሚሠራው ሥራ ሁለት ነው፤ መንገድ ለጠፋበት እንግዳ መንገድ ማሳየትና ውክፔዲያ ላይ መጻፍ። በሁለቱም አንዱ «በቀኝ ታጠፍ» ሲል ሌላው «ኧረ ተው፣ በግራ ነው!» ማለቱ አይቀርም። እንግዳው ሲሰለቸው ጥሏቸው ይሄዳል። የውክፔዲያ ጸሐፊ ግን የት ይሄዳል?

እኛ ዴም እንሄድ ነበር። ዴም ካርቱም ውስጥ እንጀራ ሳይናፍቁ የሚኖሩበት ሰፈር ነበር። ጦርነቱ ሳይመጣ፣ ከአንዲት ያገራችን ልጅ ሻይ ቦታ፣ ዝቅ ዝቅ ያሉ በርጩማዎች ላይ ማታ ማታ እንሰየማለን፤ ጎንደር ኬሚስትሪ ሲያስተምሩ ኖረው በስተርጅና ልጃቸው ዘንድ የመጡ ጋሼ፣ ሱቅ አረቢ በሚባለው ገበያ ሞባይል የሚጠግን ጎረምሳ፣ አማርኛን ከሀበሻ ምግብ ቤትና ከዘፈን የለቀመ ሱዳናዊ ተማሪ፣ እና እኔ።

ጋሼን የሚያንገበግባቸው አንድ ነገር ነበር። የአማርኛው ውክፔዲያ መጣጥፎች ያኔ 15,000 ገደማ ነበሩ። «እንግሊዝኛው ስድስት ሚሊዮን አልፏል፤ እኛ እዚህ ሻይ እናማስላለን!» ይላሉ። ቁጭቱ ሲበዛ «እንግዲያው ከምናውቀው እንጀምር» ተባለ። አራታችንም እኩል የምናውቀው ነገር ሲፈለግ አንድ ብቻ ተገኘ፤ ሱቅ አረቢ ያለው የሐጂ የኤሌክትሮኒክስ መደብር።

ካርቱም የኖረ ሀበሻ ሙቀቱን የቻለው በሐጂ ቬንትሌተር፣ ናፍቆቱን የቻለው በሐጂ ዲሽና ሪሲቨር ነው። ሐጂ ኢቃማ (የመኖሪያ ፈቃድ) አይጠይቁም፣ ዋስ አይጠይቁም። ስምህን በዱቤ ደብተራቸው ላይ ይጽፉና «ያላ!» ብለው ያሰናብቱሃል። አሜሪካ እ.ኤ.አ. ከ1997 እስከ 2017 በጣለችው ማዕቀብ የተነሳ ቪዛና ማስተር ካርድ በማይሠራበት ከተማ፣ የእኛ ክሬዲት ካርድ ያ ደብተር ነበር።

የመጀመሪያውን ዓረፍተ ነገር ጎረምሳው ጻፈ፤ «በካርቱም ተወዳዳሪ የሌለው፣ በጥራቱ የተመሰገነ መደብር ነው።»

«ማን አመሰገነው?» አሉ ጋሼ።

«እኔ።»

«አንተማ ደመወዝተኛው ነህ!»

ጋሼ የእንግሊዝኛውን ውክፔዲያ ሕግ እንደ ፍትሐ ነገሥት ነበር ያጠኑት። እ.ኤ.አ. ከ2014 ወዲህ ተከፍሎት የሚጽፍ ሰው መከፈሉን መግለጽ አለበት። ጎረምሳው አላንገራገረም፤ ከሥር እንዲህ ብሎ ጨመረ፤ «ይህን የጻፍኩት የሱቁ ሠራተኛ ነኝ፤ ሆኖም የዚህ ወር ገና ስላልተከፈለኝ ለጊዜው ገለልተኛ ነኝ።»

ቀጥሎ የምሥረታ ዘመን መጣ። ሐጂ ሲጠየቁ «ሱቁን የከፈትኩት በጎርፉ ዓመት ነው» አሉ። ካርቱም በጎርፍ ድሃ አይደለችም። ተማሪው ሲያጣራ ሐጂ የሚሉት በነሐሴ 1988 አንድ ሌሊት የጣለው ዝናብ ከተማዋን ያጥለቀለቀበትን እንደሆነ ደረሰበትና 1988 ብሎ ጻፈ። ጋሼ በማግስቱ 1980 ብለው አረሙት፤ በእኛ አቆጣጠር ነዋ! ተማሪው መልሶ 1988 አደረገው። በሦስተኛው ቀን የመጣሁት እኔ፣ ሁለቱንም ዓመት አይቼ፣ ሱቁ ሁለት ቦታ በስምንት ዓመት ልዩነት የተከፈተ መስሎኝ «ቅርንጫፎች» የሚል ንዑስ ርእስ አወጣሁለት።

የዋጋው ነገር ደግሞ ለብቻው ጉድ ነው። ተማሪው የፍሪጅ ዋጋ ልጻፍ አለ። ዘመኑ እ.ኤ.አ. 2021 ነው። በየካቲት መንግሥት የሱዳንን ፓውንድ ሲለቀው ይፋዊው የዶላር ምንዛሪ በአንድ ቀን ከ55 ወደ 375 ዘሎ፣ በክረምቱ የዋጋ ንረቱ ከ400 በመቶ በላይ ደርሷል። ተማሪው ጽፎ እስኪጨርስ ዋጋው ያረጃል። ጋሼ መነጽራቸውን አውልቀው «ውክፔዲያ የዋጋ ዝርዝር አይደለም፤ እዚህ አገር ደግሞ ዋጋ ዜና እንጂ ዕውቀት አይደለም» ብለው ዘጉት።

ክርክሩ እንዲህ ሲጦፍ ጥቅምት 25 ቀን፣ በፈረንጁ ማለቴ ነው፣ ጦሩ ሥልጣን ያዘና ኢንተርኔት ተቋረጠ። እስከ ኅዳር 18 ድረስ ሦስት ሳምንት ያለፈ ጭለማ ነበር። ሌላው ሰው ስለ አገሩ ይጨነቃል፤ እኛም እንጨነቃለን፤ ግን ጋሼ ባለ 50 ቅጠል ደብተር ገዝተው መጡ። «መጣጥፉ አይቆምም!» አሉ። እናም በኮምፒውተር የሚደረገው ሁሉ በእስክሪፕቶ ቀጠለ። ጎረምሳው «የተመሰገነ» ብሎ ይጽፋል፤ ጋሼ ይሰርዛሉ፤ ጎረምሳው ከስርዙ በላይ ደግሞ ይጽፋል፤ ጋሼ ወረቀቱ እስኪቀደድ ይሰርዛሉ።

ሻይ የምታፈላዋ ሴት ይህን ታይ ነበር። ጋሼ ራሳቸው አንድ ቀን፣ በ24 ሰዓት ውስጥ አንድን ገጽ ከሦስት ጊዜ በላይ ወደነበረበት የመለሰ ሰው እንደሚታገድ ሲያስረዱን ከጀበናው ሥር ሆና ሰምታለች። ጋሼ ለአራተኛ ጊዜ እስክሪፕቶ ሲያነሱ ከሰሉን ማራገቧን አቆመች።

«ጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ፤ አራተኛዎ ነው።»

«እና?»

«እስከ ነገ ማታ ቡና የለም።»

ጋሼ ዞር ብለው አዩን። ማንም አልተነፈሰም። «ሕግ ሕግ ነው» አሉና ውኃ ጠጥተው ወደ ቤታቸው ሄዱ። ውክፔዲያ እንዲህ ያለ አስተዳዳሪ አግኝቶ አያውቅም።

ኢንተርኔቱ ሲመለስ ግን ከሁሉም የከፋው ጥያቄ ጠበቀን፤ ምንጭ። ሕጉ እንደሚለው አንድ የንግድ ድርጅት መጣጥፍ የሚገባው ከድርጅቱ ጋር ንክኪ የሌላቸው፣ የታመኑ፣ ከአንድ በላይ የሆኑ ጸሐፊዎች በሰፊው ጽፈውለት ከተገኘ ነው። ጋዜጣ አገላበጥን። ስለ ሐጂ አንድ መስመር የለም። ጎረምሳው የዱቤውን ደብተር አስፈቅዶ አመጣ። ጥራዙ በፕላስተር ተይዟል፤ በዐረብኛ ቁልቁል የተደረደረ የሀበሻ ስም ነው። የከፈለው ተሰርዟል። አንዳንዱ ስም ጎን «ሊቢያ» ተብሎ ተጽፏል፤ ሪሲቨሩን ሳይከፍል በበረሃው ለሄደ ሰው። ሐጂ እነዚህን ሰርዘዋቸዋል። የእኔም ስም ነበረበት፤ አልተሰረዘም።

«ይኸው ምንጭ!» አለ ተማሪው።

«ባለቤቱ ስለ ራሱ የጻፈው ነው፤ አይቆጠርም» አሉ ጋሼ። ድምፃቸው ግን ደከም ብሎ ነበር።

በንዴት የሌላውን ዓለም መደብሮች ስናይ አደርን። የአሜሪካው ቤስት ባይ ታሪክ ውስጥ በ1981 አውሎ ነፋስ አንዱን ሱቅ እንደመታውና የተረፈውን ዕቃ ግቢው ላይ አውጥተው በርካሽ እንደሸጡት ተጽፏል። የእነሱ ነፋስ ምንጭ አለው፤ የሐጂ ጎርፍ ግን የለውም። ከሁሉም የገረመን ክሬዚ ኤዲ ነው። ኤዲ አንታር የሚባል ሰው በ1971 ብሩክሊን ላይ ሱቅ ከፍቶ፣ ዋጋው ያበደ ነው እያለ በቴሌቪዥን ሲያስጮህ ከርሞ፣ በ1984 አክሲዮን ለሕዝብ ሸጠ። ሂሳቡ የተጭበረበረ ነበር። ሲነቃበት ወደ እስራኤል ሸሸ፤ በ1992 ተያዘ። መጣጥፉ ረጅም ነው፤ የግርጌ ማስታወሻው ደግሞ ብዛቱ!

ይህን ለሐጂ ነገርናቸው። ጨዋ ሰው ናቸው፤ እስከ መጨረሻው ሰሙን።

«ታዲያ እኔ እዚያ ለመግባት ሰው ማጭበርበር አለብኝ?»

«ማጭበርበር ብቻውን አይበቃም ሐጂ» አለ ጎረምሳው፤ «መያዝም አለብዎ።»

ሕጉን አልረግምም። ባይኖር ኖሮ ዓለም በሙሉ «ተወዳዳሪ የሌለው» በሚባል ሱቅ በተሞላች፣ ጎረምሳውም ባለ ሽልማት ጸሐፊ በሆነ ነበር። ግን ወረቀት የሚበዛው ሰው ሰውን በማያምንበት ቦታ ነው። ሐጂ ተከስሰው አያውቁም፣ ከስረው አያውቁም፣ ማስታወቂያ አስነግረው አያውቁም። ዴም ውስጥ «ፍሪጅ ከየት ልግዛ?» ያለ ሰው ጥያቄውን ሳይጨርስ መልሱን ያገኝ ነበር። ያ ሁሉ ምስክር አፍ እንጂ ጋዜጣ አልነበረም።

እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 15 ቀን 2023 ጦርነቱ ተነሳ። ሱቅ አረቢ የከተማው እምብርት ነውና ተዘረፈ፣ ተቃጠለ። እኔና ጋሼ በመተማ ወጣን፤ ጎረምሳው ጁባ ገባ፤ ተማሪው ፖርት ሱዳን ነው፤ ሐጂ ካይሮ ናቸው። በቅርቡ ሐጂ ደወሉልኝ። ጋዜጠኛ መጥቶ ስለ ገበያው መቃጠል ረጅም ሰዓት እንዳነጋገራቸው ሲነግሩኝ ስልኩን ይዤ ወደ ጋሼ ሮጥኩ። ገለልተኛ ጸሐፊ! የታመነ ጋዜጣ! ጽሑፉን ፈልገን አገኘነው። ከመሃል ላይ እንዲህ ይላል፤ «አንድ የኤሌክትሮኒክስ ነጋዴ እንደተናገሩት…» ስምም የለ፣ ሱቅም የለ።

«በቃ እኔ ወግ ጽፌ ሙሉ ስማቸውን አወጣለሁ፤ እሱ ራሱ ምንጭ ይሆናል» አልኩ።

ጋሼ መነጽራቸውን አወለቁ። «አንተ የቬንትሌተር ዕዳ አለብህ። የጥቅም ግጭት ነው። መጀመሪያ ክፈል፤ ከዚያ ትጽፋለህ።»

ገንዘቡን ካይሮ የሚያደርስልኝ ሰው እየፈለግሁ ነው።